በእኔ ቤት በሽተኛ የለም

አባቴ የቀበሌያችን ምክር ቤት አባል ነው። ቀበሌያችን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ሰው ካፖርት ደርቦ የሚያርስባት ብርዳም ቦታ ናት። አባቴ ምክር ቤት ከገባ ስንት ዓመት እንደሆነው እኔም እሱም አናስታውስም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን አንድም ቀን ሐሳብ አቅርቦ አያውቅም ነበር። ሄዶ እጁን ያነሳል፣ ይመለሳል። እናቴ "ዛሬ ምን ተባለ?" ስትለው "ጸደቀ" ይላታል። ምን እንደጸደቀ ጠይቃው አታውቅም፤ ብትጠይቀውም የሚመልስላት አይመስለኝም።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ አንድ ቀን ከመሬት ተነስቶ የጤና መድኑ ይቅርብን ያለው።

የጤና መድን የሚባለው እህል ሲገባ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚያዋጣው መዋጮ ነው። የከፈለ ካርዱ ይታደስለታል፤ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ከቤተሰቡ የታመመ ሰው ጤና ጣቢያም ሆነ ሆስፒታል ሄዶ በካርዱ ይታከማል። ነገሩ ጥሩ ነው። ሆኖም ሰው ያጉረመርማል። አንዱ መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዙ እያሉ ይመልሱናል ይላል። ሌላው ደግሞ የሚናደደው ባለመታመሙ ነው። ከፍሎ ሳይታመም የከረመ ሰው እንደተሸወደ ነው የሚሰማው። "ዘንድሮም ሳልታመም ዓመቱ አለቀብኝ" ብሎ ሲያማርር በጆሮዬ የሰማሁት ሰው አለ። ማጉረምረሙ ሲበዛ ምክር ቤቱ ቀበሌው በመድኑ ይቀጥል ወይስ ይውጣ የሚለውን በድምፅ ለመወሰን ስብሰባ ጠራ፤ መከታተል የፈለገ ሁሉ መጥቶ ይቀመጥ ተባለ።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነው የምኖረው። ወደ ስብሰባው የሄድኩት ምክር ቤቱ ናፍቆኝ ሳይሆን በእናቴ ዓይን ምክንያት ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ሱቄ በር ላይ ዩኒፎርም አልብሼ ያቆምኳት አሻንጉሊት አለች። እናቴ ቀጥ ብላ ሄዳ "እንደምን አለሽ ልጄ፣ ትምህርት እንዴት ነው?" አለቻት። ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ መልስ የለም። ገብታ ተቀመጠችና "የዛሬ ልጆች ሰላምታ እንኳ አያውቁም" ብላ ተቀየመች። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። እየጎተትኩ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ሸፍኗቸዋል። በቀዶ ሕክምና ይነሳል፣ ደህና አድርጋ ታያለች አሉን፤ ከቆየ ግን እንደሚከፋ ነገሩን። ቀጠሮ ሰጡንና ስትመጡ የታደሰ ካርድ ይዛችሁ ኑ አሉ።

እናቴ ከሆስፒታሉ በር ሳንወጣ አስማለችኝ። አባቴ እንዲያውቅ አልፈለገችም። "ካወቀ ቤተ ክርስቲያን እጄን ይዞ ነው የሚወስደኝ፤ ሰው እያየኝ አልመራም" አለች።

"እሺ፣ አልናገርም።"

"አባቴ ይሙት በይ።"

"አባቴ ይሙት።"

እንዲህ ሆኜ ነው የታሰርኩት። ብናገር አባቴን ልገድል ነው፣ ዝም ብል እናቴ ልትታወር ነው።

በስብሰባው ዕለት እኔና እናቴ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አፈ ጉባኤው ሐሳብ ያለው እጁን ያንሳ ሲል የአባቴ እጅ ተነሳ። ልማድ ሆኖበት ነው ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ብድግ አለ።

"እኔ በየዓመቱ ከፍያለሁ" አለ። "በእኔ ቤት በሽተኛ የለም። እኔን እንደምታዩኝ ነኝ። ባለቤቴ በዚህ ዕድሜዋ በኩራዝ ብርሃን መርፌ ላይ ክር ታስገባለች። ታዲያ ለበሽታ ቀብድ የምሰጠው ለምንድነው? ቀብድ የበላ ነጋዴ ዕቃውን ማምጣቱ መች ይቀራል?"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አባቴ ሰው አጨብጭቦለት ስለማያውቅ ግራ ገብቶት ቆሞ ቀረ፤ አጠገቡ ያለው ሰው ካፖርቱን ጎትቶ አስቀመጠው። እኔ ግን ተናደድኩ። በዚያ መርፌ ላይ ክር የማስገባው እኔ ነኝ። ስመጣ በሁሉም መርፌዎች ላይ ክር አስገብቼ ትራሷ ላይ እሰካላታለሁ።

"የምትደግፉ" አለ አፈ ጉባኤው።

እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "አባትሽ እጁን አነሳ?" አለችኝ።

"አንስቷል።"

"ሌላስ ስንት ሰው አነሳ?"

"ያላነሳውን ብትጠይቂኝ ይቀለኛል እማዬ።"

ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ የበረዳት መስላ ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። አሁንስ ይነገረው አልኳት። እሷ ጭራሽ ባሰባት። "ያን ሁሉ ሰው ፊት ተናግሮ አሁን እኔ ላዋርደው?" አለች። "ሰው ሁሉ ሲስቅበት ይታይሽ።" እሷ እንደማይታያት ልነግራት ፈልጌ ምላሴን ነከስኩ።

በማግሥቱ ቀበሌው ታመመ። ሌላ የምለው ቃል የለኝም። አዳራሹ ውስጥ እንደ በሬ ጤነኛ የነበረው ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ወደ አባቴ ይመጣ ጀመር። ውሳኔው ገና ወደ ወረዳ አልተላከም ነበር፤ ያቀረበው ሰው ሐሳቡን መልሶ ከሳበ እንደገና ይታያል ተብሎ ተወርቷል። ከሁሉም በላይ ያጨበጨበው ጎረቤታችን ጎኑን በእጁ ደግፎ መጣና "ለራሴ አይደለም። አንድ የማውቀው ሰው ቡአ አለበት፤ ኦፕራሲዮን ታዞለታል" አለ። ሲቀመጥም ሲነሳም አቃሰተ። አንዲት ሴት ደግሞ መጥታ ስለ "አንድ ዘመዷ" የደም ግፊት ስትናገር ሦስት ጊዜ አረፍ ብላ ተነፈሰች። ማንም ለራሱ አልመጣም።

አባቴ ይሄ ሁሉ ሲሆን እየተደነቀ "ይሄ አገር ለካ ሆስፒታል ነው" ይላል። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከእኛ በቀር ደህና ሰው የለም።" እናቴ ይህን ሲል ጠላ እየቀዳችለት ነበር፤ ከብርጭቆው ስታ ጉልበቱ ላይ አፈሰሰችው። አባቴ ደንግጦ ቀና አለ። እሷም "እሰይ" አለች፣ ሌላ የምትለው ጠፍቷት። ከዚያ ወዲያ አባቴ ተቆጥታለች ብሎ ደመደመ። መንገድ ላይ አግኝታው ዝም ብላው አልፋለች፤ ሳህኑን ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጣለታለች። ሁሉንም ለኩርፊያ ቆጠረው።

በሳምንቱ፣ እናቴን ላያት ተመልሼ መጥቼ ሳለ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ተልከው መጡ። የእኛ አገር ሽማግሌ ለጉዳይ ሲመጣ የለመነውን ሳያገኝ አይቀመጥም። እነሱም እንደ ወጉ "ተቀመጡ" ቢባሉ "እሺ ካላሉን አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። ሐሳብዎን ይሳቡልን፣ ጉባኤው እንደገና ይየው ነው ልመናው። አባቴ በሰው ፊት የተናገርኩትን አላጥፍም አለ። እነሱ ቆሙ። እሱም የቤቱ ባለቤት ሆኖ ሽማግሌ ቆሞ መቀመጥ ነውር ስለሆነ ቆመ። ሁሉም እንደቆሙ ቆዩ። አንደኛው ሽማግሌ ይቅርታ እያለ በየመሐሉ ወደ ጓሮ ይወጣል፤ ሽንቱ አላስቆም ብሎታል። ሁለተኛው ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወረ ቆየና ጉልበቱ ሲብስበት ምንም ሳይናገር መደቡ ላይ ዘጭ አለ። ሽምግልናው በዚያው ተበላሸ፤ ከተቀመጡ ልመናው እንዳለቀ ይቆጠራላ። ሦስተኛው በቁጣ አየውና "ለራሱ አይደለም የተቀመጠው" አለ። አባቴ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ቅዳሜ አባቴ የእናቴን ኩርፊያ ሊያበርድ ከገበያ ሻሽ ገዝቶ መጣ። ትዳራቸውን ሙሉ ለእናቴ ሻሽ ሲገዛ አላየሁም። ደማቅ ቀይ ነው፤ ከሩቅ የሚጣራ። አጣጥፎ ጉልበቷ ላይ አኖረላትና እንደ ጎረምሳ አፍሮ ቆመ።

እናቴ በጣቶቿ ዳሰሰችው። ደስ አላት፣ የምር ደስ አላት። "ነጭ መምረጥህ ደግ አደረግክ" አለች። "ለጥምቀት ይሆነኛል።"

አባቴ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ለትንሽ ጊዜ ሻሹን፣ ከዚያ እሷን አየ። ከዚያ ቀኝ እጁን አንስቶ ከፊቷ ፊት ለፊት ዘረጋው። እናቴ ፈገግታዋ ከፊቷ ሳይጠፋ ሻሹን ታሻሸዋለች። እጁን ወዲያና ወዲህ አደረገው። ምንም የለም።

ቀስ ብሎ ወጣ። ተከትዬው ብወጣ የበጎቹ በረት አጥር ላይ ተደግፏል።

"ታውቂ ነበር?" አለኝ።

"በአንተ ሞት ነው ያስማለችኝ።"

"ታዲያ ብትነግሪኝ እሞት ነበር?"

"እኔ ምን አውቃለሁ አባዬ።"

አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ያን ቀንም አላየሁም፣ ፊቱን ወደ በጎቹ አዙሮ ነበርና። እኔ ግን አለቀስኩ። እሱን ብናደድበት ይቀለኝ ነበር፤ አልቻልኩም። ማወቄን እንዳትነግሪያት አለኝ። በማን ሞት እንደምምል ልጠይቀው ቃጥቶኝ ተውኩት።

ወደ አፈ ጉባኤው ሄደና ሐሳቤን ልስብ ነው አለ፤ ስብሰባው እንደገና ተጠራ። አዳራሹ ከበፊቱ ይልቅ ሞላ። እናቴ ምን እንደሚል አታውቅም፣ ሻሿን አስራ አጠገቤ ተቀምጣለች። አባቴ ተነሳ። ካፖርቱን አስተካከለ፣ ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው።

"ያን ቀን በእኔ ቤት በሽተኛ የለም ብዬ ነበር" አለ። "አለ። ባለቤቴ ዓይኗ አያይም። አብሬያት እየበላሁ፣ አብሬያት እየተኛሁ አላወቅኩም። ያልኩትን ስቤያለሁ።"

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ክንዴን የያዘችበት ቦታ ለቀናት በልዞ ነበር። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ያ መደብ ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ ከኋላ ተነስቶ "እኔም ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል" አለ። ጓደኛው የሽንቱን ነገር ተናገረ፤ ከሚገባው በላይ አብራርቶ። ቡአ ያለበት "አንድ የማውቀው ሰው" ራሱ ሆኖ ተነሳ፣ ሊያሳየንም ፈልጎ ነበር፤ ሰው ተረባርቦ አስቀመጠው። ከዚያ ማን ያስቁማቸው። አንዱ ከሌላው የባሰ በሽታ ይዞ ይነሳል፤ ቀለል ያለ በሽታ ያለባቸው አፍረው ዝም አሉ። አፈ ጉባኤው ጠረጴዛውን እየደበደበ "ይሄ ምክር ቤት እንጂ ካርድ ክፍል አይደለም" አለ። ጸጥ ሲሉለት ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ እሱም ጨጓራው እንደሚያቃጥለው ተናገረ። መድኑ እንዲቀጥል ተወሰነ።

ካርዱ ታደሰና በቀጠሮው ቀን ሦስታችንም ሆስፒታል ሄድን። አንደኛው ዓይኗ ተሠራ፤ ሁለተኛው ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ። በማግሥቱ ፋሻው ሲነሳላት ብርሃኑ ለጥቂት ጊዜ አስቸገራት። መጀመሪያ እኔን አየችኝና "ከስተሻል" አለች። እኔ እንኳ ወፍሬ ነበር። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። አባቴ ልብሱን አሳጥቦ፣ ተላጭቶ፣ ለመታየት ተዘጋጅቶ ነው የቆመው። ፊቱን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ዝቅ፣ ዝቅ እያለች እግሩ ላይ ደረሰች።

"የጫማህ ክር ለምን አልታሰረም?"

"ጠቦኝ ነው።"

"አውልቀው።"

"እዚህ ሰው መሐል?"

"አውልቀው አልኩህ።"

ጎንበስ ሲል ትንፋሽ አጠረው። ጫማው በግድ ወጣ። እግሩ እንደ ሊጥ አብጧል። እናቴ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ስትለቀው የጣቷ ምልክት እንደጎደጎደ ቀረ። እኔ እየሄድኩ፣ እየመጣሁ፣ የእሷን ዓይን ስጠብቅ የእሱን እግር አንድም ቀን አላየሁትም።

"መቼ ነው የጀመረህ?"

"ቆየ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺስ?" አላት።

እናቴ በተሠራላት አንድ ዓይን መንገዱን እያየች በክርኑ ይዛው ወደ ካርድ ክፍሉ ወሰደችው። ሰልፉ ውስጥ ከቀበሌያችን የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ያን ቀን ሲያጨበጭቡለት ያየኋቸው። ዞረው አዩት። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ካርዱን ተቀበለችና ቀና ሳትል "በሽተኛው ማነው?" አለች።

አባቴ ሰዎቹን አየ፣ እናቴን አየ።

"እኔ ነኝ" አለ።