በጋዜጣ የተጠቀለለው

አሮጌ ጋዜጣ፣ ነጭ ጋዝና የልብስ ሳሙና አንድ ላይ ሲሸተኝ ዛሬም ልጅነቴ ትዝ ይለኛል። ሱሉልታ ዋናው መንገድ ዳር የነበረው የአባቴ ሱቅ እንደዚያ ነበር የሚሸተው፤ እኔም ከትምህርት ቤት መልስ ከባንኮኒው ኋላ ቆሜ ስኳር እየመዘንኩ፣ ጨው እየቋጠርኩ ነው ያደግኩት።

በበጋ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሱቁን ይሞሉት ነበር። ሌላውን ሁሉ እየጮሁ የሚጠይቁት እነዚያ ሴቶች ሞዴስ ሲፈልጉ ግን ወንዶቹ እስኪወጡ ጠብቀው፣ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ ይነግሩኝ ነበር። አባቴ እንዳስተማረኝ ፓኮውን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በጥቁር ፌስታል ከትቼ፣ ቀና ብዬ ሳላያቸው እሰጣቸው ነበር። ለምን እንደሚያገለግል የነገረኝ ሰው አልነበረም። በራሴ ጊዜ የክፉ በሽታ መድኃኒት ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ባይሆንማ ሰው ለምን ይደብቀዋል? ለአንዳንዶቹ እንዲያውም አላህ እንዲያሽራቸው ዱዓ አደርግላቸው ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ልገባ በነበረበት ክረምት ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ወልደው በሦስተኛው ቀን አረፉ። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ «ደም ፈሷት ነው አሉ» እየተባባሉ ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ፤ እኔን ሲያዩ ዝም አሉ። ሳምንት ሳይሞላ እኔም ቀሚሴ ላይ ደም አየሁ።

ፈራሁ። እንደዚያ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊት አላውቅም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቤ እጅ እግሬ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ሞት መጣ እያልኩ እጠብቅ ነበር፣ የሱሉልታ ብርድ መሆኑን ረስቼ። ለትምህርት ቤት የተገዛልኝን አዲስ ጫማ ለታናሽ እህቴ ሰጠኋት፣ እሷም ሰፋኝ ብላ አለቀሰች።

እናቴ የደበቅኩትን ቀሚስ አግኝታ፣ አጥባ ስታሰጣው አየኋት፤ አንድም ቃል ግን አልተነፈሰችም። በማግስቱ ከሰዓት አባቴ ሱቅ ድረስ አስጠራኝና ዓይኑን መንገዱ ላይ እንደተከለ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። ገና ስዳስሰው ለየሁት። እነሱም አውቀዋል ማለት ነው፣ አልቆልኛል አልኩ በልቤ።

«አባ፣ ትምህርት ቤት እስኪከፈት እቆያለሁ?»

«ወዴት ልትሄጂ?»

«እንደ አዴ ጫልቱ።»

ዓይኑን ከመንገዱ ላይ አንስቶ አየኝ። «ትሞቻለሽ ያለሽ ማን ነው?»

«ማንም ምንም አላለኝም።»

የስኳሩ ጆንያ ላይ ቁጭ አለና በሽታ እንዳልሆነ፣ ሴት ልጅ ሁሉ በየወሩ እንደምታየው፣ እናቴም እንደዚያው እንደሆነች እየተንተባተበ ነገረኝ፤ በዚያ ብርድ ግንባሩን አልቦት ነበር። ከዚያ የበለጠ አላለም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ጫማዬን ከእህቴ አስመልሼ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ገባሁ። አባቴ ግን ለብዙ ጊዜ ፊት ለፊት ሊያየኝ ያፍር ነበር።

ዛሬ ባለሱቆች ሞዴሱን ፊት ለፊት ይደረድሩታል፣ ልጃገረዶቹም ስሙን ጠርተው ይገዛሉ፤ ይኼን ሳይ ደስ ይለኛል። በቀደም ግን ዘጠነኛ ክፍል ያለችው ልጄ ስለ እርግዝና ስልኳ ላይ ያየችው አንድ ነገር፣ ጓደኞቿ የነገሯት ሌላ ሆኖባት የትኛው እውነት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ የሠላሳ ስምንት ዓመቷ ሴት እንደ አባቴ ዓይኔን ከእሷ አሸሸሁ። ትምህርት ቤት ትማሩታላችሁ አልኳት።

«ቲቸር ምዕራፉን ዘለለው እኮ» አለችኝ። «ቤተሰቦቻችሁን ጠይቁ ነው ያለን።»

እኔ የፈራሁት የሚነግረኝ ጠፍቶ ነበር፤ ለእሷ የሚነግራት ሞልቷል፣ ግራ የገባት ማንን እንደምታምን ነው። ያን ክረምት ለራሴ ከፈራሁት በላይ አሁን ለእሷ ፈራሁ። የባዮሎጂ መጽሐፏን አስመጣሁና የተዘለለውን ገጽ ገልጬ ማንበብ ጀመርኩላት።