የሊቀ መንበሩ ካንዴላ

የታሰርኩት ቦሌ፣ ከአንድ የተወረሰ ቪላ ጋራዥ ውስጥ ነው። ቪላው የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆኗል። ጥፋቴ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ማንሳቴ ነበር፤ የሳይንስ መምህር ነኝና መጠየቅ ልማዴ ነው። የብረቱ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የሞተር ዘይት ሽታ፣ ቀጥሎ ዐሥር ሰዎች። መስኮት የለም። ለሽንት ካልሆነ ለሦስት ሳምንት ደጅ አልወጣንም።

ከመካከላችን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። አንድ ረፋድ የቀበሌው ሊቀ መንበር አስጠራቸው፤ በሩ ክፍት ስለቀረ ከውስጥ ሆነን እናያለን፣ እንሰማለን። አሮጌ መኪናው ዛፍ ጥላ ሥር ቆማለች። ከሞተሩ እሳት ጫሪ ካንዴላዎች አንዱ ዝጎ ተጣብቋል።

«ነቅለህ አዲሱን ግጠም» አለ። «ከተሰበረ ግን አሻጥር ነው፤ ታውቃለህ።»

ሁላችንም እናውቃለን። በአሻጥር ስሙ የተነሳ ሰው ከዚያ ግቢ ይወሰዳል፤ አይመለስም።

ሽማግሌው ካንዴላውን ነካ አደረጉና «ጥላ ውስጥ አይሆንም» አሉ። «ፀሐይ ላይ ተገፍታ መሞቅ አለባት። ገፊ ያስፈልገኛል።»

«ስንት?»

«ጋራዡ ውስጥ ያለው ሁሉ።»

ሊቀ መንበሩ ተጠራጠረና ወደ እኛ በር ዞረ። «አንተ መምህር፣ እውነቱን ነው?»

አስረዳሁ። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል። ካንዴላው ብረት ነው፤ የገባበት የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ አሉሚኒየም። አሉሚኒየም ይበልጥ ስለሚሰፋ ቀዳዳው ይላላል። በጣቶቼ ቀለበት ሠርቼም አሳየሁት። እስከዚህ ልክ ነው። የረፋድ ፀሐይ ለዚህ ፈጽሞ እንደማትበቃ ግን አልጨመርኩም።

ሁላችንም ወጥተን ገፋን። ብርሃኑ ዓይናችንን አስነባው።

«ጋሼ፣ ደግሞ ቶሎ እንዳይጨርሱት!» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

«አንተ ጀርባህን አሙቅ፤ ሥራዬን ለእኔ ተወው።»

ሽማግሌው ካንዴላው ሥር ነጭ ጋዝ ጠብ አድርገው ይጠብቃሉ፤ ሩብ ዙር ፈትተው ይመልሳሉ፤ ደግሞ ጠብ። ብረቱ ሲያቃስት ሳቃችን ይቆማል። ስድስት ሰዓት ግድም ካንዴላው ሳይሰበር መዳፋቸው ላይ አረፈ። አዲሱ ተገጥሞ ሞተሩ ሲነሳ አጨበጨብን፤ ዘበኛውም ጠመንጃውን ብብቱ ሥር ወትፎ አጨበጨበ።

ሊቀ መንበሩ ሲጋራ ዘረጋላቸው።

«ሳሙና ይሻለኛል» አሉ።

እስከ ክርናቸው ታጥበው፣ እጅጌያቸውን አውርደው ቆለፉ። ከዚያ ማንም «ግቡ» ሳይለን «በሉ ልጆች፣ እንግባ» ብለው ከፊታችን ሄዱ።

ዛሬም ያ ቀን ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ዐሥር ሰዎች አጥር ተደግፈን፣ ሽማግሌው ካንዴላውን ቶሎ እንዳይፈቱት ስንጸልይ ይታየኛል።