የእትዬ ዘይነባ ቴምር

እዚህ አሳይታ ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ ታቃጥላለች። ግቢዬ ያሉትን አራት የቴምር ዛፎች ሳይሞቅ ነው የማጠጣቸው፤ ውሃው አናታቸው ላይ እንዳይፈስ እየተጠነቀቅሁ፣ ሥራቸውን ብቻ። ትናንት አንዲት ጎረቤቴ መጥታ፣ «እትዬ፣ ለሆሳዕና ከመሃል ያለውን ለጋውን ልቁረጥ?» ስትለኝ አፌ መረረኝ። ከዳር ያለውን ቁረጪ አልኳት።

በአሥራ ሰባት ዓመቴ አዲስ አበባ፣ ጭድ ተራ ጀርባ ከእትዬ ዘይነባ ጋር በአንድ ግቢ እንኖር ነበር። የወሎ ሰው ናቸው፤ መርካቶ ጨርቅ ይሸጣሉ። በራቸው ላይ አንዲት ቴምር ነበረቻቸው፤ አባታቸው በመጨረሻው ረመዳናቸው ካፈጠሩበት ቴምር ፍሬውን ተክለውላቸው ነው የሞቱት። በአዲስ አበባ ብርድ አታፈራም። እሳቸው ግን በየዓርቡ የጭዱን ብናኝ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሉላታል።

በሆሳዕና ዋዜማ መሳለሚያ የገዛሁት ዘንባባ ደርቆ ስጠመዝዘው ተሰባበረ። እኔ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከሰንበት ተማሪዎቹ ሁሉ ያማረ መስቀል ይዤ መታየት አማረኝ። እትዬ ዘይነባ ገበያ እንደወጡ ቢላ ይዤ፣ ከቴምሯ መሃል ያልተፈታውን ነጭ ቅጠል እስከ ሥሩ ፈልቅቄ አወጣሁት። ቴምር ልቧ አንድ መሆኑን፣ እሱ ከተነካ ሌላ እንደማታበቅል መቼ አውቄ።

በማግስቱ መስቀሌን ያላደነቀ የለም።

ከፋሲካ በኋላ ግቢው መግማት ጀመረ። የሞተ አይጥ መስሎን አልጋ ሥር ሁሉ ፈለግን። ለካ የቴምሯ አናት ጠቁሮ፣ እንደበሰበሰ ዱባ ላሽቆ፣ ነጫጭ ትል ይርመሰመስበታል። እትዬ ዘይነባ ጣታቸውን ሰደድ አድርገው አሸተቱና ፊታቸውን አዞሩ።

«ውሃ አብዝቼባት ነው፣ አይደል?» አሉኝ።

«ይሆናል፣ እትዬ።»

«ያ አላህ፤ የአባቴን አደራ በገዛ እጄ አበሰበስኳት።»

መስቀሉ መዝሙረ ዳዊቴ ውስጥ ነበር።

ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። «ለእሳቸውም ንገሪ» ብለውኛል። እዚህ አሳይታ ሰው ዛፎቼን አይቶ «እጅሽ የተባረከ ነው» ባለኝ ቁጥር እጄን ነጠላዬ ውስጥ እደብቃለሁ። እትዬ ዘይነባ በሕይወት አሉ፤ እህቴ ባለፈው ሳምንት ስልክ ቁጥራቸውን ልካልኛለች። በራቸው ላይ አበባ እንኳ አይተክሉም አለችኝ፤ ለምን ሲሏቸው «የእኔ እጅ ይገድላል» ይላሉ። አርባ ዓመት ሙሉ።

አንዲት ቃል ብናገር እጃቸውን እመልስላቸዋለሁ። ሁለቴ ደውዬ፣ «ሃሎ፣ ማን ልበል?» ሲሉ ዘግቼባቸዋለሁ።