ጋሼ ቶሌራ ያልቀመሱት ማር

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ መቱ

ከቤት ስወጣ ዝናቡ ገና አላባራም። መቱ በግንቦት እንዲህ ናት፤ ሌሊቱን ቆርቆሮውን ስትደበድብ ታድርና ጠዋት ጭቃዋን ታሳቅፋችኋለች። በባጃጅ መናኸሪያ ደረስኩ። የጎሬው ሚኒባስ ሞተሩን አስነስቶ ይንቀጠቀጣል። ረዳቱ አንድ እግሩን በሩ ላይ ሰቅሎ "ጎሬ! ጎሬ! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጮኻል። ገብቼ ሳይ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው።

"አንድ ሰው ያልከው ማንን ነው?" አልኩት።

"እርስዎን ነዋ እማማ! ሌላው በመንገድ ይሞላል።"

"እንግዲያው እስኪሞላ እግሬን ልዘርጋ" ብዬ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጥኩ።

የምሄደው ከጎሬ ወረድ ብሎ ካለ የጫካ መንደር ነው። የባሌ ታላቅ ወንድም ጋሼ ቶሌራ እዚያ ነው የሚኖሩት። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ካረፈ ወዲህም ማር በሚቆረጥበት ወቅት መሄዴን አልተውኩም። ዘንድሮ ግን የተጠራሁት ለጨዋታ አይደለም። የጋሼ ልጅ ጫልቱ በስልክ "እማማ ዘነበች፣ አባዬ አልወጣም ብሎ ቤት ተቀምጧል። ሰው ሁሉ እሱን እየጠበቀ ነው። እርስዎ ካልመጡ የሚሰማው ሰው የለም" አለችኝ። ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ መንደር የዓመቱ ማር ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ሽማግሌ ይቀምሰዋል። ከየቤቱ የመጣውን በጣቱ እየነካ፣ ይሄ የጌታማ አበባ ነው፣ ይሄ የብሳና ነው፣ ይሄኛው ውሃ ገብቶበታል፣ ይላል። ከዚያ ይመርቃል፤ ማሩም ወደ መንደሩ ማኅበር በርሜል ይገለበጣል። ሽማግሌ ሳይቀምስ የሸጠ ሰው አላየሁም። አማቴ ከሞቱ ወዲህ ቀማሹ ጋሼ ቶሌራ ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ማሩ ከየትኛው ሸንተረር እንደመጣ ሲናገሩ ሰምቻለሁ።

ረፋድ ላይ፣ ጎሬ

ጎሬ ዳገቷ ላይ ጉም ለብሳ ጠበቀችን። ከሚኒባሱ ወርጄ በቀጥታ እትዬ አስካለ ጠጅ ቤት ገባሁ። ወዳጄ ናት፤ ከእኔ በላይ አርጅታለች፣ ምላሷ ግን አላረጀም። ጋኖቿ በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል፤ ቤቱ ጌሾ ጌሾ ይላል።

"የእናንተን መንደር ማር ጎሬ ጠጥቶ ጨረሰው እኮ!" አለችኝ ገና ሳልቀመጥ። "ፈረንጅ የጠላውን እኛ ምን እንሆናለን ብለን!"

"አስካለ፣ በዚህስ አትቀልጂ።"

"ካልቀለድኩማ አለቅሳለሁ።"

ታሪኩን በየፌርማታው በቅንጭቡ ሰምቼዋለሁ፤ ሙሉውን የነገረችኝ ግን እሷ ናት። አምና የመንደሩ ማር ለውጭ አገር ተብሎ ወደ አዲስ አበባ ተጫነ። አሁን ለውጭ የሚወጣ ማር በመሣሪያ ሳይታይ አያልፍም። ሲታይ የአረም መድኃኒት ተገኘበት ተባለና በርሜሉ ሁሉ ተመለሰ። የጫካ ማር ነው፤ ጫካ ውስጥ መድኃኒት ከየት ይመጣል? ወዲህ ወዲያ ሲጣራ ከጋሼ ቶሌራ ጓሮ ሆኖ ተገኘ። የእሳቸው ማር ከሰው ሁሉ ማር ጋር ተገልብጦ ሁሉንም አበላሸው። የተመለሰውን ጠጅ ቤቶች በርካሽ ገዙት።

"ሰው ምን አላቸው?" አልኳት።

"ምን ይላቸዋል? ቶሌራን ማን ደፍሮ ይናገራል! ሁሉም ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም ብሎ ያልፋል። ይኸው ክብር ነው የገደላቸው።"

ከሁሉ የከበደኝ ቀጥላ የነገረችኝ ነው። ማኅበሩ ጫካውን ከመንግሥት የተረከበው እንዲጠብቀው ነው። ዛፍ አይቆርጥም፤ ማሩን፣ ኮረሪማውን፣ የዱር ቡናውን እየሸጠ ይኖራል። ዋናው ገቢ ማሩ ነው። ማሩን ወደ ውጭ የሚልከው ገዢ ዘንድሮም በርሜል ከተመለሰ ሁለተኛ መንደሩን አልረግጥም ብሏል።

"ገዢ ከሌለ ሰው ጫካ ይዞ ምን ሊያደርግ?" አለች አስካለ፣ ብርሌውን እየወለወለች። "ይመነጥረዋል፤ በቆሎ ይዘራበታል። በቃ።"

ከቀትር በኋላ፣ ቁልቁለቱ

ከጎሬ ወደ መንደሩ ሚኒባስ አይወርድም። ሞተረኛ ይዤ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ጀርባውን ጨምድጄ ወረድኩ። መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው። በግራ ጫካው፤ ቀረሮው፣ ሐረጉ፣ ከላይ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ነጭ ጅራቱ ይታያል። ከፍ ካለ ዛፍ ላይ ረጃጅም ቀፎዎች ተጋድመዋል። በቀኝ በቆሎ። ጫካው አልቆ በቆሎው ሲጀምር ድምፁ ራሱ ይለያል፤ ወፉም የንቡ ጥዝታም ጭጭ ይላል።

አንድ ሰውዬ መርጫ በጀርባው አዝሎ በበቆሎው መሃል ይሄዳል። ሽታው አፍንጫዬን ቆነጠጠው።

"ይሄ ነገር አይጎዳም?" አልኩት ሞተረኛውን።

"እማማ፣ ማን ያርም? ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ጎረምሳው ከተማ ገብቷል። ድሮ በደቦ ሲታረም የሚሰነብተውን እሱ ለብቻው ዛሬ ይጨርሰዋል። መድኃኒቱ እኔም ቤት አለ" አለኝ። እውነቱን ነው። ምን ልበለው?

ማታ፣ ጋሼ ቶሌራ ቤት

"ኮቱ፣ ገሊ" አሉኝ ከውስጥ፤ ግቢ ማለታቸው ነው። ሳይነሱ። ጋሼ ቶሌራ እንግዳ ሲመጣ ሳይነሱ ቀርተው አያውቁም። መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል፤ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ጫልቱ ጎደሬ ቀቅላ በሚጥሚጣ አቀረበች። እሳቸው አልነኩትም።

"ልታስታርቂ መጣሽ?" አሉኝ።

"ከማን ጋር ጋሼ? የተጣላዎት ሰው የለም።"

"እሱ አይደል ክፋቱ። አንድ ሰው እንኳ ቢሰድበኝ መልስ እሰጥ ነበር።"

ዝናቡ ሣሩ ክዳን ላይ ይንሾካሾካል። በኋላ ራሳቸው ጀመሩት።

"እግሬ ዛፍ እምቢ ሲለኝ ቀፎዬን አወረድኩ። የሣጥን ቀፎ የሰጡኝ የግብርና ልጆች ደጎች ናቸው፤ በክፉ አላነሳቸውም። ከዛፍ ወድቀው ከሚሞቱ ጓሮዎ ያድርጉት አሉኝ። እውነት ነው። የአባቴን የጌታማ ዛፍ ባዶውን ትቼው መጣሁ። በቆሎው ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ ነው። መድኃኒቱን ከጎሬ ገዝቼ ለጫልቱ ያመጣሁላት እኔው ነኝ።"

"አባዬ፣ የረጨሁት እኔ ነኝ" አለች ጫልቱ ከጓዳ።

"አንቺ ዝም በይ። ማር አልቀመስሽ፣ አልመረቅሽ።" ወደ እኔ ዞሩ። "ቀመስኩት እኮ ዘነበች። ሰው ሁሉ እያየኝ ቀመስኩት። የጌታማ ነው፣ ንጹሕ ነው አልኩ። አረብኒ ኮ ሂን ቤክኔ።"

ምላሴ አላወቀውም ማለታቸው ነው። በአማርኛ ጀምረው ይቺን ብቻ በአፋቸው በፈቱበት ቋንቋ ጨረሷት። ጫልቱ ጓዳ ውስጥ ስታለቅስ ይሰማኛል።

"ነገ ካልወጡ እኮ" አልኩ፣ "ሰው ማሩን በየጀሪካኑ ለጠጅ ቤት ይበትነዋል። የገዢው መኪና ባዶውን ይመለሳል።"

"ብወጣስ? በየትኛው ምላሴ?"

"እኔ ምን አውቄ ጋሼ።"

ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ዋንዛው ሥር

ዝናቡ አባርቷል። ሰው ከየቤቱ ጀሪካኑን ይዞ ዋንዛው ሥር ተሰብስቧል። የገዢው መኪና ቆሟል፤ ከጎኑ የታጠበ በርሜል፣ ከበርሜሉ አጠገብ ስልኩን ደጋግሞ የሚያይ የገዢው ሰው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ገመቹ ዓይኑን ከጋሼ ቶሌራ በር ላይ አልነቀለም።

ወጡ። ከዘራቸውን ይዘው፣ ጀሪካናቸውን ለጫልቱ አሸክመው መጡ። ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ተነሳ። አንዲት ልጅ እጃቸውን የሚታጠቡበትን ውሃ አቀረበች። ጋሼ ውሃውን በመዳፋቸው መለሱት።

"ዘንድሮ አልቀምስም" አሉ። "እጠይቃለሁ።"

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እሳቸው መጀመሪያ የራሳቸውን ጀሪካን በከዘራቸው ነኩ።

"ይሄ የማን ነው? የቶሌራ ነው። ቀፎው የት ነው? ጓሮ ነው። አጠገቡ መድኃኒት ተረጭቷል? አዎ፤ ተረጭቷል።" ጎንበስ ብለው ጀሪካኑን ራሳቸው ጎትተው ከዋንዛው ጥላ አወጡት። ልረዳ ያለውን ሁሉ በእጃቸው ከለከሉ። ፀሐይ ላይ ብቻውን ተቀመጠ።

ከዚያ አንድ በአንድ። ነጋሳ የሚባለው ቀልደኛ ተራው ሲደርስ "የእኔ ቀፎ ያለበት ጋ በቆሎ ቢዘራ ኖሮ ጋሼ፣ ዝንጀሮ ሀብታም ይሆን ነበር!" አለ። ሰው ሳቀ፤ ጋሼ አልሳቁም፤ "እሺ፣ ገልብጥ" አሉት። በርሜሉ ውስጥ ነጩ ማር ቀስ እያለ ወረደ።

ደራርቱ ስትደርስ ግን ሳቁ ቆመ። ባሏ የሞተባት ናት፤ በዓመት በእጇ የሚገባው ገንዘብ የዚቺው ጀሪካን ነው።

"ቀፎሽ የት ነው ልጄ?"

"ጫካው ጠርዝ ላይ።"

"አጠገቡ ተረጭቷል?"

ጀሪካኗን አቅፋ ቆየች። ሁላችንም መልሱን እናውቃለን፤ በቆሎው የጎረቤቷ ነው፤ ጎረቤቷም እዚያው ቆሟል።

"እኔ አልረጨሁም" አለች።

"አንቺ እንዳልረጨሽ አውቃለሁ። ተረጭቷል ወይ ነው ያልኩሽ።"

"ተረጭቷል። እኔ ምን ላድርግ?"

ጎረቤቷ መሬት መሬት ያያል። ደራርቱ ጀሪካኗን መልሳ በጀርባዋ አዝላ፣ ማንንም ሳትሰናበት ሄደች። ሮጬ ልከተላት ነበር፤ ተከትዬ ምን እላታለሁ?

በርሜሉ አልሞላም። የገዢው ሰው ወደ ውስጥ አየና "ይሁን፣ ውጤቱን እናሳውቃችኋለን" አለ። ገመቹ "ጋሼ፣ ይመርቁን" ሲል ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ፤ ንብ አይጥፋ፣ ዛፍ አይጥፋ፣ ልጅ አገሩን አይጥላ፣ አሉ። አሜን አልን። ከንፈሩ ላይ ማር ሳይኖር የመረቀ ሽማግሌ በዚያ መንደር የመጀመሪያው ሳይሆኑ አይቀሩም።

ጋሼ እስከ ሞተሩ መንገድ ሸኙኝ። እየቆሙ፣ እየተነፈሱ።

"ዛሬ የዋሸኝ ሰው አለ" አሉኝ።

"በምን አወቁ?"

"ሰው አይደል? ማን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። ድሮ ቀምሼ አውቅ ነበር።" ትንሽ ሄድንና ቆሙ። "ማር አልሰጥሽም። ቅር እንዳይልሽ።"

"አይለኝም ጋሼ።"

ከዚያ ቤት ያለ ማር ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ጫልቱ ዘንቢሌን ጎደሬና አቮካዶ ሞላችልኝ። ሞተሩ ላይ ወጥቼ ዘወር ስል ጋሼ ቶሌራ አሁንም ቆመዋል፤ ፊታቸውን ወደ ጫካው አድርገዋል።

ሐሙስ አመሻሽ፣ መቱ

ጎሬ አስካለ ዘንድ አድሬ መቱ የገባሁት ሊመሽ ሲል ነው። ማሩ አዲስ አበባ ገብቶ ይሁን መንገድ ላይ ይሁን እንጃ፤ ከገዢው የተሰማ ነገር የለም። ገመቹ ሲሰማ እንዲደውልልኝ ስልክ ቁጥሬን ሰጥቼዋለሁ።

የልጅ ልጆቼ በር ላይ ዘንቢሌን ተቀበሉኝ፤ ገና ሳልቀመጥ ዘረገፉት። ጎደሬው ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

"ማሩስ?" አለ ትልቁ።

"ዘንድሮ የለም።"

"ጋሼ ቶሌራ ታመው ነው?"

"ደህና ናቸው" አልኩ።

ትንሿ ሜቲ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። ራሷን ዘንቢሉ ውስጥ ከትታ ስትፈልግ ቆየችና ከግርጌው፣ ከስንጥቁ መሃል፣ ጋሼ አምና ከሰጡኝ ጀሪካን ተንጠባጥቦ የደረቀውን ማር አገኘችው። በጥፍሯ ፈቀፈቀችው። ወደ አፏ ስትወስደው እጇን ያዝኩት።

"ጣፋጭ እኮ ነው፣ እማማ!"

"አውቃለሁ ልጄ" አልኳት። "ጣፋጭ ነው።"

እጇን ግን አልለቀቅኩም።