መሰላሉ ለድንኳን የሄደ ቀን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ካቻምና በጥቅምት ወር፣ የፎገራ ሜዳ ሩዝ ቢጫ መሆን ሲጀምር ነው። እስካሁን ለማንም አላወራሁትም። የማወራለት ሰው ስለሌለኝ ብቻ ሳይሆን ሳስበው አሁንም ፊቴ ስለሚቀላ ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን በሐፍረቱ አይደለም፤ በአንዲት እናት ምክንያት ነው።

የተወለድኩት ከሜዳው ማዶ፣ ርብ ወንዝ ክረምት በመጣ ቁጥር ከሚያጥለቀልቀው መንደር ነው። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ አልተማርኩም። እናቴ ስትሞት ሥራ ፍለጋ ወጣሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ድምፄ አይወጣም። ገበያ ላይ የሽንኩርት ዋጋ ስጠይቅ እንኳ ሻጯ "ምን አልሽ?" ሳትለኝ ቀርታ አታውቅም። አንድ ጊዜ ከተባልኩ ደግሞ ሁለተኛ አልጠይቅም፤ ትቼ እሄዳለሁ።

ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ከሜዳው ዳር ባለ ጉብታ ላይ አንድ የድሮ ግንብ አለ። ነገሥታት ያሠሩት ነው ይባላል። ያን ዓመት ጥገናው ተጀመረና በቀን ሥራ ተቀጠርኩ። ከጉብታው ሥር ካለችው መንደር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ሥራዬ የተቦካ ኖራ ወደ ላይ ማመላለስና አዲስ የተጠገነውን ግድግዳ በእርጥብ ጆንያ መሸፈን ነበር። ኖራ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት፤ ፀሐይ ቶሎ ካገኘው ይሰነጠቃል።

የጥገናው ባለሙያ በዕድሜ የገፉ ፈረንጅ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአገራቸው ያሉ የጥንት ግንቦችን ሲጠግኑ ኖረዋል። ምሳ ሰዓት ላይ ከእኛ ጋር ጥላ ሥር ተቀምጠው በስልካቸው ፎቶ ያሳዩናል፤ አስተርጓሚው ያስረዳናል። እነሱ አገር በድሮ ጊዜ አፈር ቆልለው በላዩ ላይ ምሽግ ከእንጨት ይሠሩ ነበር አሉ። እሳት ሲያስቸግራቸው ወደ ድንጋይ ዞሩ። ዘመኑ አልፎ ግንቦቹ ሲፈርሱ የአካባቢው ገበሬ ድንጋዩን እየወሰደ ጎተራና በረት ሠራበት።

"እኛስ ምን አደረግን?" አሉ አንድ ግንበኛ። ሁሉም ሳቀ። በመንደሩ የግንቡ ጥርብ ድንጋይ የሌለበት አጥር ጥቂት ነው።

እነሱ አገር በኋላ ዘመን በሲሚንቶ የተጠገኑት ግንቦች ደግሞ ውኃ ውስጣቸው እየቀረ አሮጌው ድንጋይ ተፈረካከሰ። ያንን ሲሚንቶ ፈልፍሎ ማውጣት የፈረንጁ ሥራ ሆኖ ኖረ። እኛን ኖራ ብቻ የሚያስቦኩን ለዚህ ነው።

ከፎቶዎቹ አንዱን አልረሳውም። ክብ ማማ ነው፤ በሩ መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ብሎ ግድግዳው መሃል ላይ ነው። ጠላት ሲመጣ ሰዎቹ በመሰላል ይገቡና መሰላሉን ወደ ላይ ይስቡታል።

"ታዲያ ማን ይኖርበት ነበር?" አለ ደሳለኝ የሚባል ጎረምሳ ሠራተኛ።

"የማማው ጌታ ብዙ ግንብ ስላለው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። እዚያ የሚከርሙት ሁለት ሦስት ጠባቂዎች ናቸው። ማንም የማይመጣበትን መንገድ ሲያዩ ይውላሉ" አሉ ፈረንጁ።

ስለ ጠባቂዎቹ ሳስብ ቆየሁ። አይበርዳቸውም ነበር ወይ ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ደሳለኝ አይቶኝ ኖሮ "ይቺን ልጅ ምላሷን ኖራ በላው እንዴ?" አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

የእኛም ግንብ ማማ እንደዚያው ነበር ማለት ይቻላል። የታችኛው ደረጃ ስለፈረሰ፣ ከመሬት እስከ መሃለኛው በር የምንወጣው በረጅም የባሕር ዛፍ መሰላል ነው። ከበሩ በላይ ያለው የድንጋይ ደረጃ ደህና ነው።

ያን ቀን ፈረንጁና አስተርጓሚው ጎንደር ሄደው ነበር። ረፋዱ ላይ ከመንደሩ ጡሩምባ ተነፋ። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ታመው ስለነበር ማረፋቸውን ሁሉም ወዲያው አወቀ። ሰው ሞቶ ሥራ የለም። ግንበኛውም ተሸካሚውም ዕቃውን እያስቀመጠ ወረደ። እኔ ማማው ጫፍ ላይ፣ ከግድግዳው ጀርባ ነበርኩ። ኖራው ገና እርጥብ ነው። ሸፍኜው ልውረድ ብዬ ቆየሁ።

ፎርማኑ ጋሽ ሙላት ከሥር ተጣሩ፤ "ላይ የቀረ ሰው አለ?"

"አለሁ" አልኩ።

ማለቴን በደንብ አስታውሳለሁ። ግን ያልኩት እንደ ልማዴ ነው። ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም።

ጆንያዎቹን አልብሼ ወደ በሩ ስወርድ መሰላሉ የለም። ሁለት ሠራተኞች ተሸክመውት ቁልቁል ሲሄዱ ጀርባቸው ይታየኛል። ለቅሶ ቤት የእድሩን ድንኳን ለመትከል እንደፈለጉት ያወቅሁት በኋላ ነው። "ቆዩ!" አልኩ። ነፋሱ ወደ እኔው መለሰው።

መጀመሪያ ብዙም አልፈራሁም። ከቀብር በኋላ ይመለሳሉ ብዬ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሜዳው ሁሉ ይታያል። ሩዙ፣ ከብቱ፣ ወደ ወረታ የሚወርዱት የጭነት መኪኖች፣ ከዚያ ወዲያ ጣና እንደ አዲስ ቆርቆሮ ሲያበራ። ሬሳውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አየሁ። ሲመለሱም አየሁ። ወደ ግንቡ ቀና ያለ ሰው አልነበረም።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የሚፈልገኝ የለም። የተከራየሁት ክፍል በር ሳይከፈት ቢያድር "ይቺ ልጅ የት ሄደች?" የሚል ሰው የለኝም። ነገ ሥራ ይገባሉ እንዳልልም፣ ለእንዲህ ያለ ሰው ሠልስቱ እስኪወጣ ሥራ ላይጀመር ይችላል። ያለኝ ውኃ ለጆንያው የቀረበው፣ ኖራ የገባበት ባልዲ ውስጥ ነው። ፀሐይዋ ወደ ጣና ስታዘቀዝቅ ብርዱ ጀመረ። የዚያ ፎቶ ጠባቂዎች ትዝ አሉኝ። እነሱ እንኳ ሁለት ሦስት ናቸው።

በጉብታው ትከሻ ላይ ከአስፋልት ወደ መንደሩ የሚያቋርጥ መንገድ አለ። ሁለት ሴቶች በዚያ ሲያልፉ እንደምንም ብዬ "እትዬ... እትዬ" አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። ፊቴም ፀጉሬም ነጠላዬም በኖራ ነጭ ሆኗል። ግንቡ ደግሞ ጋኔን አለበት ይባላል። አንዷ አማተበች፤ ሌላዋ አንድ እግር ጫማዋን ጥላ በረረች። ከዚያ በኋላ ለመጣራት የባሰ አፈርኩ። ጉልበቴን አቅፌ አለቀስኩ።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አገልግል አዝለው፣ በአቋራጩ ብቻቸውን መጡ። ለቅሶዬን ሰምተው ቆሙ።

"ማነሽ አንች እላይ?"

ወደ ደፉ ጫፍ ተሳብኩና ቁልቁል አየኋቸው።

"ሰው ነሽ ወይስ ሌላ ነሽ?"

"ሰው ነኝ።"

"አልሰማሁሽም!"

"ሰው ነኝ!"

"እንኳን ሰው ሆንሽ። ሌላም ብትሆኝ በዚህ ብርድ ታሳዝኛለሽ" አሉና አገልግሉን አውርደው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። እያለቀስኩ ሳቄ መጣ።

የመጡት ከሐሙሲት ከተማ ነው። የሟች ዘመድ ናቸው። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ሲጠብቅ ቀብሩ አመለጣቸው። እኔም የሆነውን ነገርኳቸው።

"ታዲያ ጮኸሽ አትጠሪም?"

"አፍሬ ነው እማማ።"

"ምኑ ነው የሚያሳፍረው? ግንብ ላይ መቅረቱ ነው ወይስ በሕይወት መኖሩ?"

እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ።

"ወርጄ ልንገርልሽ እንዳልል በዚህ ጉልበቴ እስክደርስ ይመሻል። ትቼሽ ብሄድም ትፈሪያለሽ። ስምሽ ማነው?"

"እናኑ።"

"የማን ልጅ?"

"የሙጬ።"

ተነሡ። ወገባቸውን አጥብቀው አሰሩ። ወደ መንደሩ ዞረው "እናኑ! ኧረ እናኑ! እናኑ የሙጬ ልጅ! ግንቡ ላይ!" ብለው ለቀቁት። ስንት ለቅሶ ያሟሟቀ ድምፅ ነው። ስሜ ከጉብታው ተነሥቶ በሜዳው ላይ ሲሄድ ሰማሁት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ስሜን ጮክ ብሎ የጠራ ሰው አልነበረም።

"አንችም ተጣሪ እንጅ!" አሉኝ።

"ምን ልበል?"

"አለሁ በያቸው።"

"አለሁ!"

"ይሄ ለእኔም አልደረሰም።"

"አለሁ! አለሁ!" ድምፄ ምን እንደሚመስል የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ሻካራ ነው። የእናቴን ይመስላል።

ከድንኳኑ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። በዚያ ድምፅ ስም ሲጠራ ሲሰሙ ሌላ ሰው የሞተ መስሏቸዋል። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ "እናኑን! እናኑን!" እያሉ ዳገቱን ወጡ። ሲቀርቡ እርስ በርስ የሚባባሉት ይሰማኝ ነበር።

"እናኑ ማናት?"

"እኔ ምን አውቄ? ሲያለቅሱ አይቼ ነው የማለቅሰው።"

"ባል አላት?"

"ኧረ ልጅቱንም አላውቃትም አልኩሽ!"

ጋሽ ሙላትና ደሳለኝ መሰላሉን ተሸክመው ደረሱ። ጋሽ ሙላት ቀና ብለው አዩኝ፤ መሰላሉን እንደያዙ ቆሙ።

"እናኑ ማለት አንች ነሽ?" አሉ።

አብረን መሥራት ከጀመርን ሁለት ወር አልፎን ነበር።

መሰላሉ ሲቆምልኝ ወረድኩ። አሮጊቷ ለሐዘንተኛው ቤት ካመጡት እዝን ላይ ዳቦ ቆርሰው በእጄ አስያዙኝ። "ብይ። እሱ ደግ ነበር፤ አይቆጣሽም" አሉኝ። ይህን ሲሉ ሟቹ ትዝ አሏቸው መሰለኝ፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። ሴቶቹ ደግፈዋቸው ወረዱ። እኔ ዳቦውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ፈረንጁ ከጎንደር ሲመለሱ ነገሩን ሰሙ። ማማውን ቀና ብለው ብዙ አዩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሰላሉ ከመነሣቱ በፊት ጋሽ ሙላት ሁላችንንም በስም ይጠሩ ጀመር። "እናኑ!" ሲሉ "አለሁ!" እላለሁ። ደሳለኝ "ኧረ ቀስ! ኖራው ይረግፋል!" ይላል።

አሁን ጥገናው አልቆ ሁሉም ተበትኗል። እኔ ወረታ ነኝ። ያው ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ስሜን አንዴም ሳልሰማ ሳምንት የሚያልፍበት ጊዜ አለ። በዚያ መንገድ ሳልፍ ግንቡን በመኪናው መስኮት አየዋለሁ። በሩ ድረስ የሚያስወጣ የብረት ደረጃ ተሠርቶለታል።

አሮጊቷን ፈልጌያቸዋለሁ። ለቅሶ ቤቱን ስጠይቅ "ከሐሙሲት ያልመጣ ማን አለ ልጄ?" አሉኝ። በገበያ ቀን ሐሙሲት ድረስ ሄድኩ። ገበያው መሃል ቆሜ ልጣራ አፌን ከፈትኩ፤ ማን ብዬ እንደምጣራ ግን አላወቅሁም። እሳቸው የእኔን ስም አገር እስኪሰማው ጠርተዋል። እኔ የእሳቸውን አልጠየቅሁም።

የጻፍኩት ለዚህ ነው። ሐሙሲት አካባቢ ቀብር አምልጧቸው ግንብ ሥር የተቀመጡ እናት የምታውቁ ካላችሁ ይህን አንብቡላቸው። እናኑ አለሁ ብላለች በሏቸው። ካልሰሙ ጮክ ብላችሁ ድገሙላቸው።