መትረየስ የያዙት ሽማግሌዎች

የሰቶ ሰመሮ ሰፈሩ ኢስሃቅ እንግሊዝኛ አይችልም። ይህ ግን ሃያ ዓመት ፊልም ከመተርጎም አላገደውም። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ፣ ማይኩን ጨብጦ፣ የፈረንጁ አፍ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እሱ ይናገራል፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ። ዛሬ ሁሉም በስልኩ ነው የሚያየው። ለኢስሃቅ የቀሩለት ከዝናብ የሚሸሹና ከሚስት የሚሸሹ ናቸው።

ከታናሽ ወንድሙ ከአብዱልሃዲ ጋር ስድስት ዓመት እንዳልተነጋገሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አባታቸው ያረፉ ቀን አብዱልሃዲ ከሚኖርበት ከሊሙ ገነት ሲመጣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ኢስሃቅ ጀናዛ አይቆይም ብሎ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ቀበረ። ታናሽየው የደረሰው አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ኢስሃቅ ያልላከበት ሽማግሌ የለም፤ ሁሉም ሻያቸውን ጠጥተው ተመለሱ።

ባለፈው ሐሙስ ዝናቡ ሲወርድ አብዱልሃዲ ገብቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ዝናብ ነው ይበል እንጂ፣ ከጎን ሦስት ካፌ ነበር።

ኢስሃቅ አየው። የጀመረውን የካራቴ ፊልም አስወጥቶ ማንም ጠይቆት የማያውቅ ያረጀ የማፊያ ፊልም ከተተ። አባት ይሞታል፣ ሁለቱ ልጆች ይጣላሉ። ቀብሩ ላይ ታላቅየው ፈረንጅ አፉን ሲከፍት ኢስሃቅ፣

«ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ሳልጠብቅህ አባታችንን ቀበርኩ። አጥፍቻለሁ» አለ።

ካፖርት የለበሱ ወንበዴዎች ከጥቁር መኪና ወረዱ።

«እነዚህ ደግሞ ለእርቅ የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው።»

ሽማግሌዎቹ ከካፖርታቸው ስር መትረየስ አወጡ።

«ተርጉም እንጂ!» ብሎ ጮኸ ጎማ ጠጋኙ መሳይ። «ምን እያሉ ነው?»

«ታ... ታረቁ እያሉ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከጥግ አብዱልሃዲ፣ «እኔም ጋ እንዲህ ያሉትን ብትልክ ኖሮ ድሮ ታርቄህ ነበር» አለ። ቀጥሎ ግን ድምፁ ወረደ። «ከሰዓት እስካለው የአስር ሰላት ብትጠብቀኝ ምን ነበረበት?»

ኢስሃቅ ማይኩን አስቀመጠ። ያለ ማይክ ድምፁ ትንሽ ናት።

«መጠበቅ ነበረብኝ። አፉ በለኝ።»

ከኋላው ፈረንጆቹ ወንድማማቾች ይገዳደላሉ፤ የሚተረጉምላቸው የለም። አብዱልሃዲ የጫማውን ጭቃ ወለሉ ላይ ጠረገ።

«እሁድ የልጄ የዩምና ኒካህ የሚታሰርበት ቀን ነው። በጠዋት ተነስተህ ሊሙ ገነት ና፤ መንገዱን ታውቀዋለህ።»

«ጭቃ ቢይዘኝስ?»

«እንጠብቅሃለን» አለው።