የማይቀመጡበት ወንበር

የጥንቷ የግንቡ እመቤት ሥራዋ መቀመጥ ነበር። ይህን ያለው ጠላቷ አይደለም፤ ዛሬ ሙዚየም በሆነው ግንብ ውስጥ፣ በግል ማረፊያ ክፍሏ በር ላይ የተለጠፈው ማብራሪያ ነው፤ «ጠዋት እዚህ ትቀመጥ ነበር፤ ከቀትር በኋላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትቀመጥ ነበር።» ለዚህ ሁሉ ድካሟ መታሰቢያ ይሆን ዘንድ ሰማያዊ የሐር ወንበሯ በገመድ ታጥሮ፣ ፀሐይ እንዳያየው መጋረጃ ወርዶለት፣ እንደ ዓይን ብሌን ይጠበቃል።

ወንበሩን የምትጠብቀው ሴት ግን መቀመጥ አይፈቀድላትም። «ጠባቂ ከተቀመጠ ጎብኚ ይመስላል» ይላል አስተዳዳሪው፣ ራሱ ከነወንበሩ የተወለደ የሚመስል ሰው። ደግነቱ እሷም መቀመጥ አታውቅበትም። ባልደረቦቿ ቁንጥንጥ ይሏታል። ከበር እስከ መስኮት ስትመላለስ ትውላለች፤ ያልተዛነፈ ሥዕል ታቃናለች። እቤቷም ያው ናት፤ የጎረሰችውን ሳትውጥ ሳህን ልታጥብ ትነሳለች። ሟች ባሏ «ይቺ ሴት ስትሞት እንኳ ሳጥኑን ራሷ ነች የምታስተካክለው» ይል ነበር።

አንድ ቀን ጭራሽ ባሰባት። ልብስ ሰፊዋ ልጇ ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝታ በቀትሩ አውቶቡስ ልትሄድ ነው፤ ደግሞም ተኳርፈዋል። ልጅቷ «እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» ባለች ቁጥር እናት «እየሰማሁሽ ነው» እያለች ድስት ልታወርድ፣ ልብስ ልታስገባ ብድግ ትላለች። በመጨረሻ ልጅቷ «ለግድግዳው ብነግረው ይሻለኛል፤ እሱ ቢያንስ ቦታው ላይ ይገኛል» ብላ አፏን ዘጋች።

ረፋዱ ላይ ልጅቷ ልትሰናበታት ሻንጣዋን እየጎተተች ክፍሉ በር ላይ ቆመች።

«መጣሽልኝ? ቆይ ሻንጣውን ልቀበልሽ፤ ውሃ ላምጣ፤ አንገትሽ ላይ ያለው ክር ምንድን ነው...»

«እማዬ!»

«እሺ፣ እየሰማሁሽ ነው።» እጇ ግን መጋረጃውን ይጎትታል።

«አትሰሚኝም። ቁጭ ካላልሽ ትንፍሽ አልልም። በቃ ሄድኩ።»

እናት ዙሪያዋን ቃኘች። ያ ሁሉ ኮተት በታጨቀበት ክፍል መቀመጫ የሚባል ያ አንዱ ወንበር ብቻ ነው። ልጅቷ ሻንጣዋን አዞረች። ይሄኔ እናት ገመዱን አነሳችና ተቀመጠች። ሐሩ ሲጥ አለ፤ ሰማይ ግን አልተደፋም። እንዳትነሳ ጉልበቷን በሁለት እጇ ጨምቃ ያዘችው።

«እፈራለሁ» አለች ልጅቷ። «ሰው ሁሉ እድለኛ ነሽ ይለኛል። እዚያ ማንንም አላውቅም። ይህን ነበር ልነግርሽ የፈለግኩት።»

እናት የልጇ ዝምታ ኩራት መስሏት ነበር። አሁን ምን ታድርግ? ለፍርሃት የሚወርድ ድስት የለም። ሊነሳ የቃጣውን እግሯን መለሰችው።

አስተዳዳሪው ገባ። «ኧረ ጉድ! አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል? ያ ወንበር በዕድሜ እኔንም አንቺንም ይበልጣል!»

«ሽማግሌ ከሆነማ ይታገሰን እንጂ፣ ጌታዬ።»

«ተነሺ! ካልተነሳሽ ነገ እዚህ ግንብ ድርሽ አትዪም!»

«እሺ፣ ነገ አልመጣም። አሁን ግን ልጄን እየሰማሁ ነው።»

ሰውዬው ዘበኛ ሊጠራ እየተንደረደረ ወጣ።

«ተነሺ በቃ፣ እማዬ፤ ሥራሽን ልታጪ ነው» አለች ልጅቷ ደንግጣ።

እናት ንቅንቅ አላለችም። በሕይወቷ ጥያቄ ጠይቃ መልሱን ጠብቃ አታውቅም።

«ምኑ ነው የሚያስፈራሽ?» አለች። «አንድ ባንድ ንገሪኝ።»

ልጅቷ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። «ሌሊቱ» ብላ ጀመረች። እናት ጠበቀች።